የፕሪአምፕ ጌይን መቀነሻ ስዊች ሲዘጋ የሚወጣ "ጧ" የሚል ድምፅ

ሰላም። በአይኤንኤ 217 ቺፕ የተሠራ የማይክ ፕሪአምፕ (የማይክን ደካማ ሲግናል የሚያጎላ መሣሪያ) አለኝ፤ ፓወሩ ፕላስ ማይነስ 15 ቮልት ነው። የጌይን (የማጉላት መጠን) መወሰኛ መስመሩ ላይ 2 ኪሎ ኦም ሪቨርስ ሎግ ፖቴንሽዮሜትር (በማዞር የሚስተካከል ሬዚስተር)፣ 10 ኦም ሬዚስተርና 1000 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር በሲሪስ ተያይዘዋል። የቺፑ ጌይን 1 + (10,000 ÷ የጌይን መስመሩ ጠቅላላ ሬዚስታንስ በኦም) ስለሆነ ከ15.5 ዴሲቤል በታች አይወርድም። ከበሮ በኮንደንሰር ማይክ ከቅርብ ሲቀዳ ይህ በጣም ብዙ ነው፤ ኦዲዮ ኢንተርፌሱ ክሊፕ ያደርጋል (ሲግናሉ ከአቅሙ በላይ ሆኖ ድምፁ ይበላሻል)።

ፖቴንሽዮሜትሩን በ10 ኪሎ ኦም ስቀይረው ወደ 6 ዴሲቤል ወረደ፤ ነገር ግን ከ40 እስከ 60 ዴሲቤል ያለው ሁሉ መጨረሻዋ ጫፍ ላይ ተጨናንቆ ማስተካከል አልተቻለም። የ20 ዴሲቤል ፓድ (ሲግናል መቀነሻ) ከፊት ማስገባት ክሊፑን ያስቀራል፤ ለስላሳው ምት ግን በቺፑ ኖይዝ ይሸፈናል።

የተሻለው የጌይን መስመሩን የሚቆርጥ ስዊች ነው፦ ጌይኑ 0 ዴሲቤል ይሆናል፣ ፖቴንሽዮሜትሩም እንዳለ ይቀራል። ችግሩ ስዊቹ ተመልሶ ሲዘጋ (መስመሩን መልሶ ሲያገናኝ) ካፓሲተሩ ድንገት ስለሚሞላ ለሄድፎን የሚያሰጋ "ጧ" የሚል ድምፅ መውጣቱ ነው።

ካፓሲተሩ ቻርጁን እንዳያጣ ስዊቹ ላይ 22 ኪሎ ኦም ሬዚስተር በፓራለል ብበይድበት ዝቅተኛው ጌይን 3 ዴሲቤል ገደማ ይሆናል፤ ድምፁን ለማጥፋት ይህ ይበቃል ወይስ ዋጋው ከዚያ ማነስ አለበት?