የበረሃ ጽጌረዳዬ እየበሰበሰች ነው፣ የምታውቁ እርዱኝ

ሰላም እንዴት ናችሁ፣ አክስቴ ድሬዳዋ ነው የምትኖረው ለፋሲካ ስትመጣ ያቺን ግንዷ ከስር እንደ ድንች ወፈር ያለ፣ ፒንክ አበባ የምታወጣዋን የበረሃ ጽጌረዳ ይዛልኝ መጣች፣ እዛ ቆላው ላይ እኮ ማንም ሳያጠጣት ድንጋይ መሀል ነው የምትበቅለው። እኔ ያለሁት አራት ኪሎ ነው የግቢያችን አፈር ጥቁር ነው፣ ፍግ ቀላቅዬ አጥሩ ስር ተከልኳት፣ ግንቦት ላይ 3 አበባ ስታወጣ ደስታዬን አልነግራችሁም።

ሐምሌ ሲገባ ግን ቅጠሏ ቢጫ ሆኖ ረገፈ፣ ትናንት ግንዷን በጣቴ ጫን ሳደርገው አንዱ ጎን እንደበሰለ ሙዝ ስርጉድ አለ ቡናማ ውሃም ወጣው፣ ሌላኛው ጎን ግን አሁንም ጠንካራ ነው ስለዚ ተስፋ አልቆረጥኩም። ድሬ 1,200 ሜትር አካባቢ ናት አዲስ አበባ ደሞ ከ2,300 በላይ፣ ዝናቡ ላይ ብርዱ ሲጨመርባት መሰለኝ።

አሁን ያሰብኩት ነቅዬ የበሰበሰውን በንፁህ ቢላ ቆርጬ፣ ቁስሉ እስኪደርቅ ጥላ ውስጥ አስቀምጬ፣ ከዛ ታቹ የተበሳ የቀለም ባልዲ ውስጥ በሬድ አሽና በአሸዋ ልተክላት ነው (ወተቷ መርዝ ስለሆነ ጓንት ገዝቻለሁ፣ ቤት ውስጥ ልጅ አለ)። ግን በዚ ብርድ ስንት ቀን ላድርቃት? ውሃስ እስከ መስከረም ጭራሽ ልከልክላት? እዚሁ አዲስ አበባ ክረምቱን ያሳለፈችላችሁ ካላችሁ እባካችሁ ዛሬውኑ ንገሩኝ፣ አክስቴ በደወለች ቁጥር መጀመሪያ የምትጠይቀኝ ስለሷ ነው።