የዓረብ በረሃ የሌሊት እንስሳትን ለማየት፦ ዱባይ ወይስ የኦማኗ ሰላላ?

ጥያቄ፦ ዱባይ የምንሠራ አራት ጓደኛሞች ነን፤ የአምስት ቀን ፈቃድ አግኝተናል። የበረሃ ቀበሮ፣ ጀርቡዕ (በኋላ እግሩ የሚዘል ትንሽ የበረሃ አይጥ)፣ ከተቻለም የአሸዋ ድመት ማየት እንፈልጋለን። በአስጎብኚ ይሻላል ወይስ መኪና ተከራይተን? ሙቀት የሚያሳይ መነጽርስ እንግዛ?

መልስ 1፦ ከቦታው በፊት ቀኑን ቁረጡ። ጨረቃ ሙሉ ስትሆን ጀርቡዕና የበረሃ አይጦች ለጉጉትና ለቀበሮ እንዳይጋለጡ ከጉድጓዳቸው ብዙም አይርቁም። ጨረቃ ልትጠፋ 5 ቀን ሲቀራት ጀምሮ አዲሷ ወጥታ 5 ቀን እስኪሆናት ያሉትን ሌሊቶች ያዙ። ወሩ ኦክቶበርና ኖቬምበር፣ ወይም ማርችና ኤፕሪል ይሁን። ጃንዋሪ ለእኛ ቢመቸንም በረሃ ላይ ያለው ትንሹ ጃርት በብርድ ጊዜ ጉድጓዱ ውስጥ ይተኛል። (የዚህ ጃርት ሳይንሳዊ ስም ፓራኢኪነስ ኤቲዮፒከስ ነው፤ የአገራችንን ስም የያዘ እንስሳ እዚያ ማግኘት ደስ ይላል።)

በየሆቴሉ የሚሸጠውን የተለመደ «ደዘርት ሳፋሪ» ለዚህ ጉዳይ አትግዙት። መኪናው አሸዋ ላይ ሲጋልብ የጀርቡዕን ጉድጓድ ይደመስሳል፣ ሙዚቃው እንስሳቱን ያርቃል፣ እራት ተበልቶ የሚመለሰውም ገና እንስሳቱ መውጣት ሲጀምሩ ነው። በዱባይ የበረሃ ጥበቃ ክልል ግን (225 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ነው) ፈቃድ ያላቸው አስጎብኚዎች ያስገባሉ። ከመክፈላችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ትቆያላችሁ? በእግር እንሄዳለን? ለእንስሳ ምግብ ትጥላላችሁ? ለመጨረሻው «አዎ» ካሉ ተዉአቸው፤ ምግብ የለመደ ቀበሮ መንገድ ዳር ይውልና መኪና ይገጨዋል።

በራሳችሁ ከሆነ ዱባይ በረሃ ውስጥ ያለው ባለ ሐይቁ አል ቁድራ ቅርብ ነው። ሐይቆቹ አካባቢ ቀዩ ቀበሮ ይዞራል፤ የጆሮው ጀርባ ጥቁር ስለሆነ ትለዩታላችሁ። የሩፔል ቀበሮ አነስ ይላል፣ ጆሮው ለፊቱ ትልቅ ነው፣ ጀርባው ላይም ያ ጥቁረት የለም። የጅራት ጫፍ የሁለቱም ነጭ ስለሆነ በእሱ አትለዩ።

ባትሪያችሁን በእጅ ዝቅ አድርጋችሁ አትያዙ፤ ግንባር ላይ ወይም ጆሮ አጠገብ ይሁን። የእንስሳው ዓይን ብርሃኑን ወደ መጣበት ነው የሚመልሰው፣ የእናንተ ዓይን እዚያው ካልሆነ አታዩትም። መሬት ላይ እንደ ጤዛ ብልጭ የሚሉ ጥቃቅን ነጥቦች ሸረሪቶች ናቸው። የአሸዋ ድመት ግን ብርሃን ሲያርፍባት መሬት ላይ ተለጥፋ ዓይኗን ትጨፍናለች፣ ያን ጊዜ ከአሸዋው አትለይም። አንዴ ብልጭ ብሎ የጠፋ ነገር ካያችሁ አትሂዱ፤ ብርሃኑን አዙራችሁ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁና መልሱ። የእግሯን ሥር ፀጉር ስለሸፈነው ዱካዋ ደብዛዛ ነው፣ ጣቶቿ እንደ ቤት ድመት ጎልተው አይታተሙም።

መልስ 2፦ አምስት ቀን ካላችሁ እኔ ሰላላን ነው የምመክረው። በዱባይ በአንድ ሌሊት ምናልባት ቀበሮና ጀርቡዕ ታያላችሁ፤ ሰላላ ባለችበት በዶፋር ግዛት ግን ተራራውና በረሃው ተያይዘዋል። ወደ ዋዲ ደርባት ባለው ሸለቆ (ከሰላላ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ) ሸለምጥማጥ፣ ትልቁ ጃርትና ባለ መስመሩ ጅብ አሉ። ጅቡ የሐረሩ ዓይነት አይደለም፤ አነስ ያለ፣ ጋማ ያለው፣ ሰው የሚሸሽ ነው። ተራራውን ተሻግራችሁ ወደ ቱምራይት ስትወርዱ ጠጠራማው ሜዳ የሩፔል ቀበሮ አገር ነው።

ከጁን መጨረሻ እስከ ሴፕቴምበር ግን አትሂዱ። ኸሪፍ የሚባለው የዝናብ ወቅት ጉም ተራራውን ስለሚሸፍነው ባትሪ ስታበሩ የምታዩት ነጭ ግድግዳ ብቻ ነው።

ከዱባይ በመኪና ከ1000 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ ሁለት ቀናችሁን መንገድ ይበላዋል። በአውሮፕላን ሂዱና እዚያ ፎር ዊል ተከራዩ። ውሉን በደንብ አንብቡ፤ ብዙዎቹ ኢንሹራንሶች ከአስፋልት ውጭ የደረሰን ጉዳት አይሸፍኑም። ለስላሳ አሸዋ ላይ ጎማውን ወደ 18 ፒኤስአይ (የጎማ አየር መለኪያ) አስተንፍሱ፣ ጎማ የሚነፋ ኮምፕረሰር ያዙ፣ አስፋልት ከመግባታችሁ በፊት መልሳችሁ ንፉ። ጎማው ተንፍሶ ሳለ በፍጥነት ከታጠፋችሁ ከቸርኬው ይወጣል። ሌሊት መንገድ ላይ ግመል ይቆማል፤ ግመል ደግሞ ረጅም ስለሆነ ስትገጩት ገላው የሚያርፈው መስተዋቱ ላይ ነውና ፍጥነት ቀንሱ። ውኃ ለአንድ ሰው በቀን 5 ሊትር። እፉኝትም በሌሊት ስለሚወጣ ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ጫማ አድርጉ፣ ነጠላ ጫማ አይሆንም።

መልስ 3፦ ስለ መነጽሩ፦ ሙቀት የሚያሳየው ከባትሪ በጣም ይበልጣል፣ የተጋደመ እንስሳ ሳይቀር ያወጣል። ቀን የሞቀ ድንጋይ ግን እስከ እኩለ ሌሊት እንስሳ መስሎ ስለሚያበራ ተራራማ ቦታ ላይ ከንጋት በፊት ያሉት ሰዓታት ይሻላሉ። ችግሩ ጉምሩክ ነው። የሌሊት ማያ መሣሪያ በባሕረ ሰላጤው አገሮች ፈቃድ ሊጠየቅበትና ሊያዝ ይችላል። የሁለቱንም አገር ሕግ ሳታጣሩ ገንዘብ አታውጡበት፤ ሁለት ጥሩ የግንባር ባትሪና 8 በ42 የሚባለው (8 እጥፍ የሚያቀርብ) የሩቅ ማያ መነጽር ለመጀመሪያ ጉዞ ይበቃችኋል። ዶፋር ላይ ደግሞ የአካባቢ ሰው ይዛችሁ ሂዱ። የየመን ድንበር ቅርብ ነው፣ ኬላም አለ፤ ሌሊት ባትሪ የሚያዞር መኪና አዳኝ ይመስላል፣ የሚያስረዳላችሁ በዓረብኛ የሚናገር የአገሬው ሰው ነው።