ከበዓለ መጸለት እስከ ሀኑካ፦ በዓል በሌለበት ጊዜ ልጄን ምን ላስተምረው?

የሳቢያኗ እናት (ድሬዳዋ)

ሰላም ለሁላችሁ። ከድሬ ነው የምጽፈው። ቤተሰቦቼ የጎንደር ቤተ እስራኤል ናቸው። ባለቤቴ ለሥራ ሲዛወር ተከትለነው መጣን፤ አሁን ሳቢያን ነው ቤታችን። ጎንደር እያለን ምኩራቡ ቅርባችን ነበር፤ ልጅ ሳይነገረው ከሰው አይቶ ይማራል። እዚህ ግን ሰንበትን የምናከብረው እኛው በእኛው ነን።

ልጄ አራት ዓመቱ ነው፣ ኬጂ አንድ ገብቷል። በዓል ሲመጣ ምንም አይቸግረኝም። ለብርሃን ሠረቀ፣ ለአዲስ ዓመታችን፣ አዲስ ልብስ አለ። አስተሰርዮ፣ የይቅርታ ቀናችን፣ ሲሆን ስንጾም ያያል። ለመጸለት፣ ለዳስ በዓላችን፣ ደግሞ ግቢያችን ውስጥ በዘንባባ ዳስ ሠርተን እዚያው በላን፣ እዚያው ተኛን። የድሬን ሙቀት የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ከቤቱ ዳሱ ነበር የሚሻለው። ዳሱን ያፈረስን ቀን ልጁ አባቱን ምን ቢለው ጥሩ ነው? «በዓሉ ካለቀ እኛም እስራኤል መሆናችን አለቀ?» ባለቤቴ ሳቀ። እኔ ግን ነገሩ ከጭንቅላቴ አልወጣም።

ልጁ ክፉ አይደለም። ግን ብስክሌቱን ማንም እንዲነካበት አይፈልግም። የግቢዋን ድመት በድንጋይ ያባርራል፤ የሰፈር ልጅ ሁሉ ውሻና ድመት ይወግራል፣ እሱም እንደነሱ። እንግዳ ሲመጣ ሶፋ ኋላ ይደበቃል። ስለ ጸዳካ (ለችግረኛ ስለ መስጠት)፣ እንግዳ ስለ መቀበል፣ ለእንስሳ ስለ መራራት ላወራው ስጀምር ስብከት ይሆንብኛል። እሱ ዓይኑ ቴሌቪዥኑ ላይ ነው። ኢንተርኔት ላይ ብፈልግ የማገኘው ሁሉ የበዓል ነው፤ የወረቀት ሮማን ሥራ፣ የወረቀት ሻማ ቁረጥ፣ ቀለም ቀባ። እሺ፣ በዓል በሌለበትስ? በዚህ ዕድሜ ጠባይ የሚያስይዘው ምንድነው? ከልጆች ጋር የምትውሉ እባካችሁ ምከሩኝ።

እማማ ከነታኒያ

ሰላም ልጄ። እኔ እዚህ እስራኤል፣ ነታኒያ ከተማ፣ መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ ረዳት ሆኜ ሠርቻለሁ፤ አሁን ጡረታ ነኝ። ስለዚህ ጊዜ አለኝ፣ ረዘም አድርጌ እጽፍልሻለሁ።

በመጀመሪያ ባዶ ወር ነው ያለሽን ሰው አትስሚ። ከመጸለት በኋላ የሚገባው ወር ሔሽቫን ነው። እዚህ በዓል የለበትም ሲሉ እሰማለሁ። የእኛ የቤተ እስራኤል በዓል፣ ስግድ፣ ታዲያ የት ሄደ? በሔሽቫን 29 ነው፣ ከአስተሰርዮ በ50ኛው ቀን። ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የእስራኤል ፓርላማ በሕግ ብሔራዊ በዓል አድርጎታል። ሀኑካን፣ ሻማ የሚበራበትን በዓል፣ አባቶቻችን አገር ቤት አያውቁትም ነበር፤ ስግድን ግን ተራራ ወጥተው ነው ያቆዩልን።

ሁለተኛው ደግሞ ሰንበት ነው። ለአራት ዓመት ልጅ እስከ ሀኑካ ያለው ሁለት ወር ማለት ዘላለም ነው። ዓርብ ግን ቶሎ ይመጣል። እዚህ መዋዕለ ሕፃናት ዓርብ ዓርብ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ ተመርጠው የሰንበት አባትና የሰንበት እናት ይሆናሉ። አክሊል ይደፋሉ፣ ከፊት ይቀመጣሉ፣ ሌሎቹን ልጆች ያስተናግዳሉ። ያን ቀን የሚገርም ጨዋ ይሆናሉ! አንቺ አንድ ልጅ ስላለሽ ሁሌም ተራው የሱ ነው። ዳቦውን እሱ በጨርቅ ይሸፍን። ሻማ ከመብራቱ በፊት ሳንቲም በጸዳካ ሳጥን ውስጥ ይጨምር። ፀሐይ ሳትጠልቅ ጎንደር ላሉት አያቶቹ ደውሎ «ሰንበት ሰላም» ይበል። ስልኩን አንቺ አትቀሚው።

ወደ ጠባዩ ልምጣ። በእነዚህ ሳምንታት በምኩራብ የሚነበበው ኦሪት ዘፍጥረት ነው። ገና መጀመሩ ነው፤ ኖኅ፣ ከዚያ አብርሃም፣ ከዚያ ርብቃ። ስለ እንግዳና ስለ እንስሳ ሌላ መጽሐፍ ምን ያስፈልግሻል?

እኔ ከሁሉም የርብቃን እወዳለሁ፣ ምዕራፍ 24። የአብርሃም ሎሌ 10 ግመሎች ይዞ ከጉድጓዱ አጠገብ ይደርሳል። የለመናት ለራሱ ጥቂት ውኃ ነው። እሷ ግን ለግመሎችህም ጠጥተው እስኪጠግቡ እቀዳለሁ አለችው። እዚህ ልጆቹ ግመልን የሚያውቁት በሥዕል ነው። ያንቺ ልጅ ግን በቁሙ ያየዋል። የደጫቱን ወንዝ ተሻግረው ወደ ቀፊራ ገበያ የሚሄዱትን ወስደሽ አሳዪው። የተጠማ ግመል በአንድ ጊዜ 100 ሊትር ያህል ይጠጣል። በ20 ሊትር ጀሪካን ብታስቢው አምስት ጀሪካን፤ ለ10 ግመል 50 ጀሪካን ማለት ነው። ያውም ቧንቧ በሌለበት፣ ከጉድጓድ እየወረደች።

ይህን ሁሉ ቁጥር ግን ለልጁ አትንገሪው። ትንሿን ጀሪካን ስጪውና ከቧንቧው እስከ ግቢው በር ውኃ ያምጣ። እጀታው እጁን ሲቆርጠው፣ ውኃው እግሩ ላይ ሲፈስ ተዪው። ሲደክመው «አይዞህ፣ ርብቃ ለግመሎቹ የቀዳችው ማንም ሳያዛት ነው» በዪው። በቃ። ከዚህ በላይ አንድ ቃል አትጨምሪ። ያመጣትን ውኃ ለድመቷ በሳህን ያድርግላት።

ከዚያ በኋላ የድመቷ ነገር የሱ ሥራ ይሁን። የአይሁድ ሊቃውንት ሰው ከብቱን ሳያበላ አይብላ ብለዋል፤ ዘዳግም 11 ላይ መጀመሪያ ለከብት ሣር፣ ቀጥሎ ለሰው ጥጋብ ስለሚል። ስለዚህ ከቁርሱ በፊት ድመቷ ትብላ። በገዛ እጁ የሚያበላትን ድመት በድንጋይ የሚወግር ልጅ እስካሁን አላየሁም።

ስለ እንግዳውም እንደዚሁ ነው። አብርሃም በቀትር ድንኳኑ ደጃፍ ተቀምጦ ሳለ ሦስት ሰዎች አየና ሮጦ ተቀበላቸው። ቁራሽ እንጀራ ላምጣላችሁ ብሎ ጥጃ አረደላቸው። ልጅሽን «ና ሰላም በል» እያልሽ ከሶፋ ኋላ አትጎትቺው። አንቺ እንግዳውን ስታስታጥቢ እሱ ፎጣውን ይዞ ይቁም። መናገር የሚያፍር ልጅ ፎጣ መያዝ አያፍርም።

የመንታዎቹ አባት (አሽዶድ)

እማማ የጻፉት ላይ ብዙ የምጨምረው የለኝም። አንድ ነገር ብቻ። ለመልካም ሥራ ኮከብ የሚለጠፍበትን ሰንጠረዥ የሚመክርሽ ሰው አይጠፋም። እኔ አልወደውም። ልጁ ሥራውን ትቶ ኮከቡን መቁጠር ይጀምራል። እዚህ አንዳንድ መዋዕለ ሕፃናት የሚያደርጉት ይሻላል። ወላጅ ማታ ልጁ ቤት ያደረገውን በጎ ነገር በብጣሽ ወረቀት ይጽፋል፣ ጠዋት መምህሯ በልጆቹ ፊት ታነበዋለች። ሽልማት የለም፣ ከረሜላ የለም። ታይቶለታል፣ በቃ። አንቺ ዓርብ ማታ ዳቦው ፊት አባቱ ያንብብለት፤ ወረቀቱ ግን ከሰንበት በፊት ይጻፍ።

ሌላው የቡና ወሬ ነው። ሐሜት ክልክል ነው ብለሽ ልታስተምሪው አትድከሚ፣ በዚህ ዕድሜ አይገባውም። ግን ጀበናው አጠገብ ቁጭ ብሎ ስለ ጎረቤት የምትሉትን አንድ በአንድ ይሰማል። ነገ ደግሞ ለጎረቤቷ ራሷ ይነግራታል። ከቤቴ ነው የምነግርሽ።

የጀጎል ልጅ (ሐረር)

አቦ ሰላም ነው! እኔ ሙስሊም ነኝ፣ ሐረር ኬጂ አስተምራለሁ። ርእሱ ጎተተኝና ገባሁ፤ ቅር እንደማይላችሁ ተስፋ አለኝ።

እህቴ፣ እኛ ጋ እኮ ጅብም ከሰው እጅ ይበላል! በአሹራ በዓል ገንፎ በቅቤ ተሠርቶ ይቀርብለታል። ልጅሽን ሚኒባስ አሳፍረሽ አንድ ማታ አምጪው። ጅብ ሲበላ ያየ ልጅ ድመት ላይ ድንጋይ ሲያነሳ ትንሽ ያስባል፣ ወላሂ። ካልፈራ ነው ታዲያ።

ወደ ቁም ነገሩ ልግባ። ብስክሌቱን «ስጥ፣ አካፍል» ብለሽ አታስጨንቂው። ክፍል ውስጥ እኔ የማደርገውን ልንገርሽ። ልጆች ከመምጣታቸው በፊት «ማንም እንዳይነካብህ የምትፈልገውን አንድ ነገር ምረጥና እናስቀምጠው» በዪው። የመረጠው ቁም ሳጥን ይገባል። ውጭ የቀረው ግን የሁሉም ነው። መጀመሪያ ብስክሌቱን ያስደብቅሻል። ደብቂለት፣ አትቆጪው። ሌላ ቀን ብስክሌቱ ቁም ሳጥን ውስጥ ከሆነ እሱም እንደማይነዳው ይገባዋል።

ደግሞ ጎረቤት ሳህን ይልክልሻል አይደል? ድሬ ሆነሽ ሳህን ሳይመጣልሽ አይቀርም። ባዶውን አትመልሺ፣ ልጁ ይውሰደው። በር አንኳኩቶ፣ ሳህኑን በሁለት እጁ ሰጥቶ፣ ምርቃት ተቀብሎ ይምጣ።

የሳቢያኗ እናት (ድሬዳዋ)

እማማ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ዕድሜ ከጤና ይስጥዎት። ጀሪካኑን ዛሬውኑ ሞክረነዋል። ግማሹን መንገድ ላይ ደፋው፣ ድመቷም ፈርታው አልጠጣችም። ሳህኑን ግን ማታም ሄዶ ሲያየው ነበር።

የጀጎል ልጅ፣ አቦ ይመችህ! ሳህንማ ይመጣል። ሥጋ እንደማንበላላቸው ጎረቤቶቻችን ስለሚያውቁ የሚልኩልን ፍራፍሬ ነው። እኔም ጊሽጣ ወይ ማንጎ አድርጌ እመልሳለሁ። እስካሁን የማደርሰው ራሴ ነበርኩ፤ ከአሁን በኋላ እሱ ነው።

የመንታዎቹ አባት፣ የቡናውን ነገር ለእናቴ አነበብኩላት። «ታዲያ ቡና ላይ ምን ሊወራ ነው?» አለችኝ።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ እማማ። የዓርቡን ሳንቲም ለማን እንስጥ? ባለቤቴ አጠራቅመን ጎንደር፣ ወደ እስራኤል ጉዞ ለሚጠባበቁት ወገኖቻችን እንላክ ይላል። እኔ ደግሞ ልጁ የማያያቸው ሰዎች ጋ የሚሄድ ሳንቲም ምን ትርጉም ይሰጠዋል እላለሁ። እዚህ የምናውቃቸው ችግረኞች ደግሞ ቤተ እስራኤል አይደሉም።

እማማ ከነታኒያ

ልጄ፣ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። ደንቡ ግን የከተማሽ ድሃ ይቀድማል ነው የሚለው። ሊቃውንቱ ስለ ሰላም ሲባል የሌላውን ሕዝብ ድሃ ከራሳችን ድሃ ጋር አብራችሁ እርዱ ብለዋል። ስለዚህ ሳንቲሙ እዚያው ድሬ ይሰጥ። ባለቤትሽ ከደሞዙ ለጎንደር ይላክ፤ ያ የትልቅ ሰው ጸዳካ ነው።

የሚሰጠውም ልጁ ይሁን። ከሚያውቃቸው አንድ ሰው ምረጡ፣ በር ላይ የምትቀመጥ አሮጊት አትጠፋም። ሰው እያየ አይሁን፣ እሷም እንዳታፍር። ሳጥን ደግሞ አትግዢ። የወተት ዱቄት ጣሳ ይበቃል፤ ክዳኑን በቢላ ሰንጥቂለት። ከላይ በኩል ጠርዙን በጨርቅ ጠቅልይው፣ እጁን እንዳይቆርጠው።