ለሞተ ከብት መንግሥት ካሳ ይከፍላል እንዴ? (ቦረና)

የያቤሎ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ትናንት አራት ኪሎ ማኪያቶ እየጠጣን ከአሜሪካ ለእረፍት የመጣ ጓደኛችን «እዚያ ከብትህን ድርቅ ሲገድልብህ መንግሥት ይከፍልሃል» ሲል ጆሮዬ ቆመ። አጎቴ ቦረና ነው የሚኖሩት። ከ2013 እስከ 2015 ዝናቡ አምስት ወቅት በተከታታይ እምቢ ሲል ከሃያ ሁለት ከብት አራት ብቻ ቀራቸው። አሁን ደግሞ አንድ ሰውዬ «የካሳ ብር ሊመጣ ነው፣ መመዝገቢያ ክፈሉ» እያለ በየቤቱ ይዞራል አሉኝ። እውነት አለ እንዲህ ያለ ነገር? እኔስ እዚህ ሆኜ ምን ላድርግላቸው?

ዱብሉቅ፦
መጀመሪያ አምስት ሳንቲም እንዳይሰጡት ንገሪያቸው! እዚያው ወረዳ ላይ ሠርቻለሁ፤ በሞተ ከብት ቁጥር ተሰልቶ የተከፈለ ካሳ አላየሁም። ያለው ከ1997 ጀምሮ የምናውቀው ሴፍቲኔት ነው። ብር ወይም እህል ይሰጣል፣ ጉልበት ያለው የሕዝብ ሥራ ይሠራበታል፣ አቅመ ደካማው ያለ ሥራ ያገኛል። የሚቆጠረው ግን የቤተሰቡ አፍ እንጂ የከብቱ ቀንድ አይደለም። በእኔ ጊዜ ትልቅ መንጋ የነበረው ሰው «አንተማ ሀብታም ነህ» ተብሎ ይታለፍና ከብቱ ካለቀ በኋላ ሲመጣ ዝርዝሩ ሞልቶ ይጠብቀዋል። እሱን እስካሁን አልረሳውም።

ቆቦ፦
ጓደኛሽ ትንሽ ጨምሮበታል። ወንድሜ ቴክሳስ ከብት እርባታ ላይ ስለሚሠራ ደጋግሜ ጠይቄዋለሁ። ለሞተ ከብት የሚከፈለው በበረዶ ውሽንፍር፣ በጎርፍ፣ በመብረቅ ወይም ከልክ ባለፈ ሙቀትና ብርድ ሲሞት ነው፣ የገበያ ዋጋውን 75 በመቶ። ድርቅ ብቻውን እዚያ ውስጥ አይቆጠርም! የድርቁ ሌላ ነው፣ እሱ የሚከፍለው ለተቃጠለው ግጦሽ ነው። በየሳምንቱ ሐሙስ የድርቅ ካርታ ይወጣል፤ የእነሱ ካውንቲ (እንደኛ ወረዳ በይው) ካርታው ላይ ለሳምንታት በከባድ ድርቅ ቀለም ከቆየ የወር መኖ ወጪውን 60 በመቶ ያህል ያገኛሉ። ከብቱ ሳይሞት ማለት ነው። ወረቀቱ ግን እንዳይነሳ!

አረቦን፦
እንዲህ ያለ ካርታ እኛም ጋ አለ እኮ። ከ2004 ጀምሮ ቦረና ላይ የከብት መድን ይሸጣል። ሳተላይቱ የግጦሹን አረንጓዴነት ያያል፣ ከተለመደው በጣም ሲወርድ ብሩ ይለቀቃል፣ ሬሳ የሚቆጥር የለም። ልዩነቱ እዚህ አርብቶ አደሩ ራሱ ቀድሞ አረቦን (የመድኑን ክፍያ) መክፈሉ ነው። የሚሸጠውም ዝናቡ ሳይመጣ ነው፤ ጥርና የካቲት አካባቢ ለገና (የዝናቡን ወቅት ነው፣ በዓሉን አይደለም ሃሃ)፣ ነሐሴና መስከረም አካባቢ ለሐገያ፣ ለሌላኛው የዝናብ ወቅት። ከአዲስ አበባ ሆነሽ የእሳቸውን አረቦን ብትከፍዪ ትልቅ ነገር ነው። አንድ ጣጣ አለው፤ ቦረናን ቁጥቋጦ ወሮታል። ከላይ ሲታይ አረንጓዴ ነው፣ ላም ግን አትበላውም፣ ስለዚህ ሳተላይቱ «ደህና ነው» ሲል ከብቱ መሬት ላይ ሊያልቅ ይችላል።

ካዛንቺስ፦
ቡሳ ጎኖፋን እንዴት ረሳችሁት? ከብቱ ያለቀበትን ሰው ጎሳው ከየመንጋው አዋጥቶ መልሶ ያቆመዋል። አሁን ክልሉ በዚሁ ስም ተቋም ቢያቆምም እኔ የምለው የድሮውን ነው። በእርግጥ ድርቁ ሁሉንም ሲመታ ሰጪውም ባዶ ነው። እህቴ፣ የምትልኪው ብር ካለሽ አንድ ጊደር ይገዛላቸው። ለእርድ የሚሆን ሳይሆን የምትወልድ።

የያቤሎ ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ። አጎቴ ስልካቸው የሚሠራው ሃሮ ባኬ ገበያ ሲወጡ ብቻ ስለሆነ ዛሬ ነው ያገኘኋቸው። ሰውዬው 300 ብር ወስዷል፣ ደረሰኝ ሲሉት «ስልክ ላይ ይመጣል» ብሏቸው ሄደ። የጊደሯን ነገር ሳነሳላቸው ግን ድምፃቸው ተቀየረ፤ ወዲያው ቀለሟን መምረጥ ጀመሩ።