አፎቱ ቀጥ ይበል ወይስ ይዘንበል? አዳማ ላይ የተነሳ ክርክር

ቆዳ ሰሪው፦ ሰላም ቤተሰብ። ፍራንኮ አካባቢ ቆዳ እንደምሰራ ታውቃላችሁ። ቀበቶ፣ የመኪና ወንበር ልብስ፣ አልፎ አልፎ ደግሞ የሽጉጥ አፎት። ሰሞኑን አንድ የእህል ነጋዴ መጣ። መጀመሪያ ፈቃዱን አየሁ። ያለ ፈቃድ የሚመጣ ሰው አላስተናግድም፤ በ2012 የወጣው የጦር መሣሪያ አዋጅ ቁጥር 1177 ቀልድ አያውቅም። ሽጉጡ ማካሮቭ ነው። «ከሸሚዝ ስር እንዳይታወቅ፣ ስቀመጥም እንዳይወጋኝ አድርገህ ስራልኝ» አለኝ። ቀጥ አድርጌ ልስፋው ወይስ እጀታውን ወደ ፊት ላዘንብለው? እኔ ይዘንበል ባይ ነኝ። እስቲ ተከራከሩኝ።

ሻምበል (ጡረታ)፦ ቀጥ! ምኑ ያከራክራል? እጅህ ወደ ታች ሲወርድ እጀታው እዚያው ይጠብቀዋል። ካዘነበለ አንጓህ ይታጠፋል። እኔ ስታጠቅ የኖርኩት ቀጥ ያለ ነው፤ ያውም ከልብስ በላይ፣ ክዳን ያለው። ደግሞስ ለምን ይደበቃል? የታጠቀ ሰው ይታይ። ሰውም አውቆት ይራቅ።

ቆዳ ሰሪው፦ ሻምበል፣ እርስዎ የታጠቁት ቆመው ነው። ይሄ ሰውዬ ግን ቁጭ ብሎ ነው የሚውለው። ጠዋት መኪና ውስጥ፣ ቀን መጋዘን በር ላይ ዱካ ላይ፣ ማታ ቡና ቤት። በቀን ስንት ጊዜ ይመዛል? አንዴም፣ እግዜር ይመስገን። ስንት ጊዜ ይቀመጣል፣ ይነሳል? እሱን ተዉት።

ባለ ባጃጁ፦ ጋሼ፣ ፊልም ላይ እኮ እምብርታቸው አጠገብ ነው ሻጥ የሚያደርጉት። እሱ አይሻልም? ቶሎ ይወጣል።

ቆዳ ሰሪው፦ አንተ ልጅ፣ ነጋዴውን አላየኸውም። በር ሲገባ ቦርጩ ነው የሚቀድመው። ከፊት ከሆነ ቀጥ ያለው ይስማማል፤ እሱ ግን ለቀጭን ሰው ነው። ቦርጭ ያለው ሰው ሲቀመጥ እጀታው ሆዱን ይቆፍረዋል። አፈሙዙም ታፋው ላይ ያነጣጥራል፣ አለዚያም ከታፋው የባሰ ቦታ ላይ። ከዚያ ሚስቱን ምን ልበላት?

የጅቡቲ መንገድ ሹፌር፦ እኔ መሣሪያ አልይዝም። መቀመጥን ግን እኔን ጠይቁኝ። የእኛ አገር መኪና መሪው በግራ ነው አይደል? የደህንነት ቀበቶው የሚቆለፈው በቀኝ ዳሌህ በኩል ነው። ቀኝ ወገቡ ላይ የታጠቀ ሰው ቀበቶ ሲያስርና ሲፈታ እጁ ከሽጉጡ ጋር ሲጋጭ ይውላል። በግራ ይሁንና እጀታው ወደ ቀኝ እጁ ይዙር። መሪ ለያዘ ሰው የሚመቸው እሱ ነው።

ሻምበል (ጡረታ)፦ ሾፌር፣ መመቸቱን አልካድኩም። ግን ከፊትህ የቆመ ሰውም እጀታውን በቀላሉ ያገኘዋል፤ ወደ እሱ ነው የዞረው። ስትመዘውም አፈሙዙ በግራህ ያለውን ሁሉ እየጠረገ ነው የሚያልፈው። በግራህ ማን ይኖራል? ሰው።

ቆዳ ሰሪው፦ ክርክሩ በአፍ ብቻ እንዳይቀር ትናንት ሞከርኩት። የደንበኛን ሽጉጥ ሱቄ ውስጥ አላሳድርም። ከእንጨት የቀረጽኩት የማካሮቭ ቅርጽ አለኝ፣ ርዝመቱ 16 ሳንቲም። ከልጄ የሒሳብ ዕቃ ውስጥ ፕሮትራክተር ወሰድኩ። ካርቶን ቆርጬ ሦስት አፎት ሰራሁ፤ አንዱ ቀጥ ያለ፣ አንዱ 10 ዲግሪ፣ አንዱ 15 ዲግሪ ያዘነበለ። ሰውዬውን ዱካ ላይ አስቀመጥኩት።

ቦታውን በሰዓት ልንገራችሁ። እምብርት 12 ነው፣ ቀኝ ዳሌ 3 ነው። (በሀበሻ ሰዓት ወይስ በፈረንጅ እንዳትሉኝ፤ ሰሌዳው ያው ነው።) ከዳሌ አጥንት ኋላ፣ 4 ላይ አደረግንለት። ቀጥ ያለው ሲቀመጥ ደህና ነበር። የወደቀ ብዕር ለማንሳት ጎንበስ ሲል ግን እጀታው ሸሚዙን ገፋው፣ ጀርባው ላይ ድንኳን ተተከለ። በ15ቱ ግን እጀታው ጎኑ ላይ ተኛ፣ ሸሚዙም ዝም አለ። አሜሪካ ውስጥ በኤፍቢአይ ስም የሚጠራው ዘንበል ወደዚሁ 15 ዲግሪ ነው። የኤፍቢአይ መርማሪዎች ኮት ለባሽ ስለሆኑ ከኮቱ ስር እንዳይታይ ነው።

ባለ ባጃጁ፦ እንጨት እኮ ክብደት የለውም ጋሼ!

ቆዳ ሰሪው፦ እሱን ልክ ብለሃል፣ አመሰግናለሁ። ማካሮቭ ባዶውን 730 ግራም ነው፣ 8 ጥይት ሲጎርስ ይጨምራል። እንጨቱ ላይ ቡሎን በፕላስተር ጠቅልዬ እንደገና አስታጠቅኩት። ያኔ ነገሩ ተገለበጠ። ለካ የሱ ቀበቶ ያቺ ስስ የሱሪ ቀበቶ ናት። ክብደቱ ጎተታት፣ 15 ያልኩት ዘንበል ወደ ውጭ ተንጋደደ። አንግል አንግል እያልኩ ስጨቃጨቅ ጥፋቱ የቀበቶው ነበር። ሞጆ አፍንጫችን ስር ነው፣ የበግና የፍየል ቆዳ በሽ ነው፤ ለዚህ ግን ወፍራም የበሬ ቆዳ ያስፈልጋል። ለስላሳ ቆዳ ሽጉጡ ሲወጣ አፉ ይከደናል፣ ለመመለስ ሁለት እጅ ይፈልጋል።

ስፌት ቤት፦ ይቅርታ ጣልቃ ገባሁ። ሦስት ቀን ሙሉ ስለ አንድ ሰው ዳሌ ታወራላችሁ። አጠገቡ ስለሚቀመጠውስ? አንድ ጊዜ ሚኒባስ ውስጥ ከጎኔ አንድ ጨዋ የሚመስል ሰው ተቀመጠ። መኪናው በታጠፈ ቁጥር ጠንካራ ነገር ጎኔን ይነካኛል። መጀመሪያ ስልክ መሰለኝ። ሸሚዙ ገለጥ ሲል እጀታውን አየሁት። ምን ልበል? «ወንድሜ፣ ሽጉጥህን ጠጋ አድርግልኝ» ልበል? ከምወርድበት ሦስት ፌርማታ ቀድሜ ወረድኩ። በዚያ ፀሐይ በእግሬ ሄድኩ። እሱ ተመችቶት ነበር መሰለኝ።

ሻምበል (ጡረታ)፦ ልጄ፣ እኔስ ምን አልኩ? ይታይ ያልኩት ለዚህ ነው። ቢታይ ኖሮ መጀመሪያውኑ አጠገቡ አትቀመጪም ነበር።

ስፌት ቤት፦ ሻምበል፣ ያኔ ደግሞ ሌላ መኪና ስጠብቅ እውል ነበር። ለምንድነው ሁልጊዜ የምርቀው እኔ? ፈቃዱን የሰጡት ለሱ ነው፣ መሸሹ ግን የኔ ድርሻ ሆነ። እኔ የምለው ከተማ መሀል፣ ታክሲ ውስጥ፣ ቡና ቤት ውስጥ ጭራሽ አይያዝ።

የጅቡቲ መንገድ ሹፌር፦ እህቴ፣ እሱ ገንዘብ ይዞ ገጠር ለገጠር የሚዞር ሰው ነው። ከተማው በር ላይ ለማን ሰጥቶ ይግባ?

ስፌት ቤት፦ ሆቴል በር ላይ «መሣሪያ ይዞ መግባት ክልክል ነው» ተብሎ ተለጥፎ የለም እንዴ? እዚያ አስረክቦ ይገባል፣ ሲወጣ ይወስዳል። ሲያስረክብ ያንሳል? አያንስም። ታክሲ ሲሆን ነው ወግ የጠፋው።

ቆዳ ሰሪው፦ እዚህ ጋ መልስ አጣሁ። ከላይ ሲታጠቁት ሰካራም ጠብ ሲፈልግበት አይቻለሁ፣ ስለዚህ ሻምበልን አልደግፍም። እሷን ግን ምን እላታለሁ? ሥራዬ እኮ እንዳይታይ ማድረግ ነው።

ነርሷ፦ እኔ አንድ ነገር ብቻ። ድንገተኛ ክፍል ስሰራ ታፋው የተመታ ሰው መጣ። የተኮሰበት ሰው የለም። አፎት ስለሌለው ወገቡ ላይ እንዲሁ ሻጥ ያደርገው ነበር፤ መልሶ ሲከተው የሸሚዙ ጫፍ ቃታው ውስጥ ገባ። ዘንበል በለው፣ ቀጥ በለው፣ ቃታውን የሚሸፍን ይሁን። ሲመልስም እያየ ይመልስ። ማን ያቻኩለዋል?

ሻምበል (ጡረታ)፦ በዚህ ተስማማሁ። ጥይት ሳያጎርስ ቢይዘው ደግሞ የተሻለ። ቀጥ ማለቱን ግን አልተውኩም።

ቆዳ ሰሪው፦ ውሳኔዬን ልንገራችሁ። 10 ዲግሪ፣ ከዳሌ ኋላ፣ ቃታው ሙሉ በሙሉ የተሸፈነ፣ ከወፍራም ቀበቶ ጋር። በ15ቱ ዲግሪ ሲመዝ ክርኑ የዱካውን መደገፊያ ግድግዳ መታው፣ አልወደደውም። ለመኪና ግን ሹፌሩ ልክ ነው፤ ቀበቶ ሊያስር ሲታገል አየሁት፣ መፍትሔ አላገኘሁለትም። ታክሲ ሲሳፈር በቀኝ በኩል መስኮት ስር ተቀመጥ ብዬዋለሁ፣ እጀታው ከሰው ይልቅ ቆርቆሮ እንዲነካ። ስፌት ቤት፣ ይሄ መልስ እንዳልሆነ አውቃለሁ። አሁን የቀረው ሸሚዙ ነው፤ ሁሉም ጠባብ ነው፣ በአዳማ ሙቀት ደግሞ ኮት ልበስ አልለው። ኮት ለብሶ የሚውል ሙሽራ ብቻ ነው።

ስፌት ቤት፦ ሸሚዞቹን ላክልኝ፣ ጎንና ጎኑን ሁለት ሁለት ጣት አሰፋለታለሁ። ለልኬት ሲመጣ ግን ሽጉጡን ቤቱ ቆልፎበት ይምጣ። ልጆቼ ከትምህርት ቤት መልስ ማሽኔ ስር ነው የሚጫወቱት።