ጥሪ ይሠራል፣ መልእክት ግን «አልተላከም» ይላል

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ስልኩ ሁለት ሲም የሚይዝ አንድሮይድ ነው። መልእክት ይቀበላል፤ ሲልክ ግን አጭሩ ያልፍና ረጅም የአማርኛ ጽሑፍ «አልተላከም» ይላል። ምን ልፈትሽ?

መልስ፦ መጀመሪያ ከየትኛው ሲም እንደሚልክ እይ። ጥቅሉ አንዱ ላይ ሆኖ መልእክቱ በሌላው ሊወጣ ይችላል። ቅንብሮች ውስጥ የሲም ካርዶች ገጽ ላይ ይቀየራል።

መልስ፦ እኔ የፊደሉን ብዛት ነው የምጠረጥረው። አንድ መልእክት የሚይዘው 140 ባይት ነው። በላቲን ፊደል 160 ሆሄ ይገባል፤ በእኛ ፊደል እያንዳንዱ ሆሄ 2 ባይት ስለሚወስድ 70 ብቻ። ከ70 ካለፈ ይከፋፈላል፤ ክፍሎቹን ለማያያዝ ቦታ ስለሚያዝ እያንዳንዱ 67 ሆሄ ይይዛል። ስለዚህ 200 ሆሄ ያለው ጽሑፍ 3 መልእክት ሆኖ ይቆጠራል። ሂሳብህ ለ2 ብቻ ከበቃ ሦስተኛው ይቀራል። በላቲን በተጻፈው መሀል አንድ «ሀ» ብትገባ እንኳ ሙሉው ወደ 70 ይወርዳል! አንዳንድ መተግበሪያዎች ደግሞ ረጅሙን ወደ ኤምኤምኤስ (ሥዕል ጭምር የሚላክበት የመልእክት ዓይነት) ይቀይሩታል፤ ያ ዳታ ካልተከፈተ አይሄድም። ያንን ምርጫ አጥፋው።

መልስ፦ በዚህ ላይ ልጨምር፦ አጭሩ ካለፈ የመልእክት ማዕከል ቁጥሩ (ስልኩ መልእክት የሚያሳልፍበት የቴሌኮሙ ቁጥር) ትክክል ነው፣ አትንካው። አጭሩም እምቢ ያለው ሰው ግን *#*#4636#*#* ደውሎ የስልክ መረጃ ውስጥ ቁጥሩን ያድሰው። ኮዱ የማይከፍት ስልክ ከሆነ ሲሙን ባለ ቁልፍ ስልክ ላይ ማስገባት ይሻላል፤ እዚያ የመልእክት ቅንብር ውስጥ በግልጽ ይታያል። ትክክለኛውን ከቴሌኮሙ ጠይቆ በ+251 ጀምሮ ማስገባት ነው። ቁጥሩ ሲሙ ላይ ስለሚቀመጥ ወደ ስማርት ስልኩ ሲመለስ አብሮ ይሄዳል።