ፕሌይኦፍ መግባት ይበቃል ወይስ ዋንጫ የሚበላ ቡድን ይገንባ?

የሲልቨር ስፕሪንጉ፦
ሰላም ለበረዶ ሆኪ ወዳጆች። ስንት እንደሆንን አላውቅም፣ አምስት ከሞላን ትልቅ ነገር ነው። እኔ የዋሽንግተኑን ቡድን ካፒታልስን መከታተል የጀመርኩት በ2018 ነው (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። ቬጋስን በፍጻሜው በጨዋታ ብዛት 4 ለ 1 ጥለው ዋንጫውን የበሉ ቀን ማታ ታክሲ እየነዳሁ ቻይናታውን ገባሁና ቀይ ማሊያ የለበሰ ሕዝብ መንገዱን ዘግቶት መውጫ አጣሁ፣ አንዱ መስኮቴን አንኳኩቶ በመስኮቱ አቀፈኝ፣ በዚያው ደጋፊ ሆኜ ቀረሁ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቁታላችሁ። አራት ዓመት በተከታታይ ከፕሌይኦፉ (ከመደበኛው ውድድር በኋላ ያለው ጥሎ ማለፍ፣ ቀድሞ አራት ጨዋታ ያሸነፈ የሚያልፍበት) የመጀመሪያ ዙር ተሰናበትን። በ2023 ጭራሽ አልገባንም። በ2024 ደግሞ 37 የግብ ዕዳ ተሸክመን በመጨረሻው ጨዋታ ሾልከን ገባንና የኒውዮርኩ ሬንጀርስ 4 ለ 0 ጠርጎ ሸኘን። የሚገርመው መግባታችን ሲረጋገጥ ጮቤ ረግጬ ነበር። በማግስቱ ሳስበው አፈርኩ። ከ32 ቡድን 16ቱ የሚገቡበት ነገር ምኑ ያስጨፍራል? እና ጥያቄዬ፣ በየዓመቱ ፕሌይኦፍ እየገቡ መኖር ይሻላል ወይስ ሁለት ሦስት ዓመት ተሸንፎ፣ በድራፍት (ደካማ ቡድኖች ቅድሚያ አግኝተው አዳዲስ ተጫዋቾች በሚመርጡበት) ልጆች ሰብስቦ ለዋንጫ መገንባት?

ቶሮንቶ ብርዱ፦
ወንድሜ አንተ አንድ ጊዜም ቢሆን በልተሃል። እኛ የቶሮንቶ ሜፕል ሊፍስ ሰዎች ከ1967 ጀምሮ ጾም ላይ ነን። ከ2017 እስከ 2025 ዘጠኝ ዓመት ሳናቋርጥ ገባን። በዘጠኙ ዓመት ያለፍነው ሁለት ዙር ነው፣ በ2023 ታምፓን፣ በ2025 ኦታዋን። አለቀ።

ችግሩ የት እንደሆነ ልንገርህ። በ2024-25 አንድ ቡድን ለተጫዋቾቹ እንዲከፍል የሚፈቀድለት የደመወዝ ጣሪያ 88 ሚሊዮን ዶላር ነበር፣ ከዚያ ውስጥ ማቲውስ፣ ኒላንደር፣ ታቫሬስና ማርነር አራቱ ብቻ ከ46 ሚሊዮን በላይ ወሰዱ። የቀረው ቡድን በፍርፋሪ ነው የተሠራው። እንዲህ ያለ ቡድን በ82ቱ ጨዋታ ጎል ያዘንብልሃል፣ ደጋፊውም ይደሰታል፣ አለቆቹም "ዘንድሮም ገባን" ይላሉ፣ ከዚያ ሰባተኛው ጨዋታ ይመጣና ፍሎሪዳ እቤትህ መጥቶ 6 ለ 1 ይገርፍሃል። ማርነርም በዚያው ክረምት ቬጋስ ሄደ። እኔ አሁን ፕሌይኦፍ የሚለውን ቃል ስሰማ ሆዴን ያመኛል።

ሻይ በዝንጅብል፦
ኧረ ቀስ በሉ! "ተሸንፎ መገንባት" የሚለው ነገር ቡፋሎ ላይ ተሞክሯል እኮ። በ2015 የድራፍቱን ኮከብ ማክዴቪድን የማግኘት ዕድላቸው እንዲሰፋ መጨረሻ መውጣት ነበረባቸው፣ ከአሪዞና ጋር ሲጫወቱ አሪዞና በተጨማሪ ሰዓት ጎል ሲያገባባቸው የገዛ ደጋፊያቸው አጨበጨበ። መጨረሻም ወጡ። የአንደኛ ምርጫው ዕጣ ግን ለኤድመንተን ወጣ! ቡፋሎዎች በሁለተኛ ምርጫ አይክልን ወሰዱ፣ እሱም ስድስት ዓመት ተሸንፎ ተሸንፎ ቬጋስ ሄደና በ2023 ዋንጫ በላ። ቡፋሎ እስከ 2025 ድረስ 14 ዓመት በተከታታይ ፕሌይኦፍ ሳያይ ቀረ፣ ይሄ የሊጉ ሪከርድ ነው። ልጆቹ መሸነፍን ከለመዱ በኋላ ማን ያስረሳቸዋል? ኤድመንተንም ቢሆን ከ2010 እስከ 2015 አራት ጊዜ አንደኛ ምርጫ አግኝቶ፣ ከማክዴቪድ ጋር በ2024ና በ2025 ፍጻሜ ደርሶ ሁለቱንም ተሸንፏል።

እና ግባ በቃ። ሎስ አንጀለስ በ2012 ከምዕራቡ ስምንተኛ ሆኖ ገብቶ ነው ዋንጫውን የወሰደው።

ቶሮንቶ ብርዱ፦
ስምንተኛ የገባ ሁሉ ሎስ አንጀለስ መሰለሽ? እነሱ እንደ ኩዊክ ያለ በረኛ ነበራቸው።

ሰማያዊ መስመር፦
ሁለታችሁም ፍሎሪዳን ዘለላችሁት። በ2022 በ122 ነጥብ ከሊጉ አንደኛ ወጡ። በሁለተኛው ዙር ታምፓ 4 ለ 0 አባረራቸው። ሌላ ቡድን ቢሆን "አንደኛ ነን፣ ዕድላችን ነው" ብሎ በዚያው ይቀጥል ነበር። እነሱ ግን በዚያው ክረምት ያን ዓመት ያገባውና ለጎል ያቀበለው ተደምሮ 115 ነጥብ ያስመዘገበውን ሁበርዶን ከዊገር ጋር ለካልጋሪ ሰጥተው ማቲው ትካቸክን አመጡ። ሁሉም ሰው አበዱ አለ።

በቀጣዩ ዓመት በ92 ነጥብ የመጨረሻዋን ቦታ ይዘው ገቡ። ነጥቡን ካየኸው ወርደዋል። ግን 135 ነጥብ የነበረውን ቦስተንን 3 ለ 1 ከመመራት ተነስተው በሰባተኛው ጨዋታ ጣሉት፣ ፍጻሜም ደረሱ። ከዚያ 2024፣ ከዚያ 2025፣ ዋንጫ በዋንጫ። ስለዚህ እኔ የቡድኔን አለቃ የምለካው ገባ አልገባ በሚለው ሳይሆን ከተሰናበተ በኋላ በሚመጣው ክረምት በሚያደርገው ነው። ቶሮንቶ ያንኑ አራት ሰው ይዞ ስንት ክረምት ተኛ?

በነገራችን ላይ የተጫዋች ደመወዝ በመደበኛው ውድድር ተከፍሎ ያልቃል፣ የፕሌይኦፍ የቲኬት ገቢ ለባለቤቱ ማር ነው። ለዚህ ነው "መግባት ይበቃል" የሚለው ወሬ ከላይ የሚመጣው።

የሲልቨር ስፕሪንጉ፦
ይሄ የክረምቱ ነገር ገባኝ። ለካ የኛዎቹም ከ2024ቱ ውርደት በኋላ አልተኙም፣ ቺክረንን፣ ዱብዋን፣ በረኛውን ቶምሰንን አምጥተው በዓመቱ በ111 ነጥብ ከምሥራቁ አንደኛ ወጡ። ከዚያ ካሮላይና 4 ለ 1... እሱን ተዉት። ግን ቢያንስ የዚያን ጊዜ ስንወጣ አላፈርኩም፣ ተናድጄ ነው የተኛሁት።

ሻይ በዝንጅብል፦
ይኸው፣ ቶሮንቶዎች የሚቀጥለው ዓመት ማሊያ ስንት ነው እያሉ ነው 😂

ቶሮንቶ ብርዱ፦
ገዝቼዋለሁ። አትንኪኝ።